የጓድ ሺበሺ የጠረጴዛ መስታወት

ሥራ የገባሁ ዕለት ለእናቴ የማኪያቶ ማሽን አየሁ ብዬ ነገርኳት። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ወፍራም የብረት ቧንቧ ያለው፣ ዙሪያውን ቆጣሪና ቁልፍ የተደረደረበት፣ በነጭ አቡጀዲ የተሸፈነ ነገር ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ መስኮት አሾልቄ ያየሁት ማሽንም እንዲሁ ያብረቀርቅ ነበር። ይኼኛው ትልቅ ስለሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ የሚያፈላ መሰለኝ። እናቴም ከሻይ ወጪ ተገላገልሽ አለችኝ።

የተቀጠርኩት በጽዳት ነው። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል። መሥሪያ ቤቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ ያኔ የገብስና የሽምብራ ማሳ በነበረው በገርጂ በኩል፣ የከብት በሽታ የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ወለሉን አጥቢ፣ መስኮቱን ወልውዪ፣ ማሽኑን በአቡጀዲው ላይ እንኳ እንዳትነኪ። ማሽኑ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔ ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ ወለሉን እያየሁ ነው የምመልሰው። አሁንም ይህን የምጽፈው ለአዲሶቹ ተቀጣሪዎች ንገሪያቸው ስለተባልኩና ፊታቸው ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንደሚባል የሰማሁት ቆይቶ ነው። በተራው ማይክሮስኮፕ የማይታየውን ቫይረስ ሳይቀር ያሳያል። ከምሥራቅ ጀርመን በእርዳታ ሲመጣ ሚስተር ክላውስ የሚባሉ ባለሙያ አብረውት መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማሩ ዘበኛውንም ድመቷንም አንቱ ይላሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ዕድሜ ነው ይላሉ፤ ዘበኛው ደግሞ የቤተ ሙከራው አልኮል ነው ይላል። ይሁን እንጂ አልኮሉ በጎደለ ቁጥር በር ላይ ሲዘፍን የሚሰማው ዘበኛው ነበር።

በዚህ እጅ ለማይክሮስኮፕ የሚሆን ሥጋ መቁረጥ አይቻልም። ለሥራው የሠለጠነው ቴክኒሻን ዘመቻ ተጠርቶ ሄዷል። አንድ ቀን ሚስተር ክላውስ የጋውናቸው ቁልፍ ተበጥሶ ልተክልላቸው ስል ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ሳሾልከው አዩኝ። ከእናቴ ጋር የቀሚስ ጥልፍ እየሠራሁ ስላደግኩ ለእኔ ተአምር አልነበረም። እሳቸው ግን የክፍሉን ኃላፊ ዶክተር መንበረን ጠርተው እጄን እንደሚሸጥ በግ ጥርስ እያገላበጡ አሳዩአቸው።

ዶክተር መንበረ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ሴት ሆነው ሲጋራ ያጨሳሉ፣ መኪና ራሳቸው ይነዳሉ፣ ሲናገሩ ሰው ደስ ይበለው አይበለው ግድ የላቸውም። እጄን አይተው ፊቴን አዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ መጥረጊያሽን አስቀምጪ» አሉኝ። በዚያ አነጋገር ከጽዳት ወደ ቤተ ሙከራ ተዛወርኩ።

ሙያው እንዲህ ነው። ከታመመ ከብት የመጣውን ሥጋ ገና ትኩስ ሳለ የጤፍ ፍሬ በምታህል መጠን እቆራርጣለሁ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ መድኃኒት ውስጥ ሲገባ መበስበሱን ያቆማል። ቀጥሎ ኦስሚየም የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ ሥጋውን እንደ ከሰል ያጠቁረዋል። ሚስተር ክላውስ ብልቃጡን ሲሰጡኝ፣ «ይህ ዓይንዎን ይቀቅላል» አሉኝ። የደኅንነት ሥልጠናው ይኸው ነበር። ዓይኔ እስከ ዛሬ ጥሬ ነው።

ከዚያ በአልኮል እየታጠበ ውኃው ይወጣለታል፤ መጀመሪያ በደካማው፣ ቀጥሎ በጠንካራው፣ መጨረሻ በንጹሑ። ደረጃውን ዘልሎ በአንዴ ንጹሑ ውስጥ የገባ ሥጋ እንደ ቋንጣ ይኮማተራል። ዘበኛችን ደረጃ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ፊቱ እንደዚያው ነበር።

ውኃው ሲያልቅ ማር የመሰለ ሙጫ ውስጥ ይነከርና በማድረቂያ ምድጃ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ያቺ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሥጋ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች።

የሚቆርጠው ቢላ ብረት አይደለም፤ መስታወት ነው። ወፍራም መስታወት በመስታወት መቁረጫ ይጫርና በፒንሳ ቀስ ተብሎ ይሰበራል፤ መጀመሪያ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለሁለት ይከፈላል። ቢላው ማይክሮቶም በሚባለው መቁረጫ መሣሪያ ላይ ይታሰራል። ሙጫውን የያዘው ክንድ ከፍ ዝቅ እያለ በስለቱ ላይ ያልፋል፤ ቁራጮቹም ከስለቱ ጀርባ ባለች ትንሽ የውኃ ገንዳ ላይ ተራ በተራ ይንሳፈፋሉ። ቀለማቸው ውፍረታቸውን ይናገራል። ሐምራዊ ወፍራም ነው፣ ይጣላል። ወርቅማ መጥፎ አይደለም። ብርማ ከሆነ ልክ ነው። ብር ከወርቅ የሚበልጥበት ሥራ አገኘሁ ስላት እናቴ ሞኝ አደረጉሽ አለችኝ።

ቁራጩ በጣት አይነካም፣ በወረንጦ አይያዝም። የሚገፋው በአንድ ነጠላ ሽፋሽፍት ነው። ሽፋሽፍቱ ተነቅሎ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ሚስተር ክላውስ የራሳቸውን ይጠቀሙ ነበር፤ ነጭ ስለሆነ ውኃው ላይ ሲደርስ አይታይም። የእኔን ጠየቁኝ። አንገቴን ደፍቼ ነቅዬ ሰጠኋቸው። ሲሞክሩት፣ «እርስዎ በጣም ጥሩ መሣሪያ አለዎት» አሉኝ። ዶክተር መንበረ ሳቃቸው ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሽፋሽፍት በተሰበረ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣል፤ አንድ ሰሞን የግራ ዓይኔ እንደታጨደ ማሳ ሆኖ ነበር።

ተገፍቶ የመጣው ቁራጭ ምስር ክክ በምታህል የመዳብ ወንፊት ላይ ይነሳል። ከዚያ በሁለት ጠብታ ቀለም ይቀለማል፤ አንዱ ዩራኒየም፣ ሌላው እርሳስ ያለበት ነው። እርሳሱ ትንፋሽ ካገኘው ጥቁር ጥቁር ጠጠር ይሆንና ሥዕሉን ያበላሻል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ማውራት ክልክል ነው። በሕይወቴ ዝምታዬ የተመሰገነው እዚያ ብቻ ነው።

ወንፊቷ ማይክሮስኮፑ ውስጥ ትገባለች፣ አየሩ በፓምፕ ይወጣል፣ ክፍሉ ይጨልማል። አረንጓዴ ገበታ ላይ ሥዕሉ ይወጣል። ከዚያ አውሮፕላን ይነሳና ሥዕሉ እንደ እርጎ ይንቀጠቀጣል። ሚስተር ክላውስ የበረራውን ሰዓት ከአብራሪዎቹ ይልቅ ያውቁ ነበር። «አሁን ናይሮቢ» ይሉና እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ።

አሁን ጓድ ሺበሺን ላስተዋውቅ። የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ካድሬ ነበር። ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ አሁን ደርግም ስለወደቀ እሱ ብዬ ብጠራው ይበቃዋል። ክፉ ሰው ነው አልልም። ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ተደምረን ለሁለት ብንካፈል ሁለት ጤነኛ ሰው ይወጣን ነበር። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ይሰበስበናል። እኔ ከምሰሶው ጀርባ እቀመጣለሁ። ድንገት «ጓዲት ወይንሸትስ ምን ትላለች?» ሲለኝ፣ «እስማማለሁ» እላለሁ። አንድ ጊዜ የጠየቀኝ ማን እንደቀረ ነበር።

ዩራኒየም የሚባል ነገር እንዳለን የሰማ ቀን ቤተ ሙከራው ድረስ መጣ። በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቦምብ ይወጣዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ዶክተር መንበረ ብልቃጧን አንስተው አሳዩት፤ ያለችው በሻይ ማንኪያ የማትሞላ ቢጫ ዱቄት ናት። ይህ የሚበቃው ለአንድ ዝንብ ነው፣ እሷም ከተባበረች አሉት። እሱ ግን ብልቃጧ በጥብቅ እንድትጠበቅ አዘዘ። ጠባቂ ሆኖ የተመደበው ያው ዘበኛችን ነው።

ታሪኩ ይህ ነው። ከየካ ተራራ ጀርባ፣ ከአባዶ፣ ጋሼ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ መጡ። ሁለቱ በሬዎቻቸው ቆዳቸው እብጠት በእብጠት ሆኗል። በመንደሩ ሌሎች ከብቶችም ላይ ጀምሯል። እብጠቱን የሚያመጡት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ በዓይን ሲታዩ አይለዩም። አንደኛው ከመንደር ወደ መንደር የሚዛመት ክፉ ነው። ሁለተኛው ራሱ ደርቆ የሚረግፍ ነው። ከወረዳው የመጣው ኃላፊ ክፉው ነው ብሎ ፈርቷል፤ ቤተ ሙከራው አይደለም ካላለ በቀር የታመሙት ከብቶች ተገድለው እንዲቀበሩ ወስኗል። ክረምቱ ደርሷል። ጋሼ ቱፋ ሌላ በሬ የላቸውም።

ዶክተር መንበረ ከአንደኛው በሬ ቆዳ ቆርጠው አመጡና አስረዱኝ። የክፉው ቫይረስ ቅርጽ ጡብ ይመስላል፤ የሌላው ክብ ነው፣ ቀለበት አለው። ጡብ ካየን በሬዎቹ ይሞታሉ። ክብ ካየን ያርሳሉ። ማየቱ የሚስተር ክላውስና የዶክተር ነው፤ የሚታይ ነገር ማዘጋጀቱ የእኔ። ጋሼ ቱፋ በየቀኑ ከአባዶ በእግራቸው መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ። ስወጣ፣ «ልጄ፣ በሬዬ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። የበሬው ቆዳ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ስላደረ ሞቆታል እላቸዋለሁ።

ቆዳው ሙጫው ውስጥ ጠንክሮ ሲወጣ ቢላ አጣን። ከውጭ የመጣው ወፍራም መስታወት አልቋል። አዲሱ የታዘዘ ቢሆንም የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል፤ የውጭ ምንዛሪው ምን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ አልነበረም። የመስኮት መስታወት ሞከርን፤ ስስ ነው፣ ስለቱ ይሸረፋል። ዶክተር መንበረ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ከሦስቱ ባለ ጢም ጓዶች ሥዕል መስታወቱን አውጥተው አመጡ። እሱም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ። ለጢም እንጂ ለሥጋ አይሆንም ብለው ሥዕሉን ያለ መስታወት መልሰው ሰቀሉት።

ግቢያችን ውስጥ ወፍራም መስታወት የነበረው በጠረጴዛ ላይ ነው። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ተራ ሠራተኛ ጠረጴዛው ባዶ እንጨት ነው። አለቃ የሆነ ሰው ጠረጴዛው ላይ መስታወት ይደረግለታል፤ ከሥሩ የቀን መቁጠሪያና ፎቶግራፍ ያስገባል። ማዕረግ ማለት ያ መስታወት ነው፤ ሰው ሲሾም መጀመሪያ የሚጠይቀው ወንበር ሳይሆን እሱን ነው። በእኛ ግቢ ሁለት ነበሩ፤ የዶክተር መንበረና የጓድ ሺበሺ።

ዶክተር የራሳቸውን ያለ ወሬ አንስተው ሰጡን። ከሱ የወጡትን ቢላዎች በሙሉ የበሬ ቆዳ በላቸው። ቆዳው ውስጥ ፀጉር አለ፤ ስለቱ ፀጉሩን ሲነካ ይሞታል። ቁራጩ ተቀዶ፣ ተሰንጥቆ፣ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ከፀጉሩ አልፌ ደህናው ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ላይ አንድም ቢላ አልቀረም። በዚያው ዕለት ወረዳው ለነገ ጠዋት ሰው እንደሚልክ አስታወቀ። እስከዚያ ከእኛ መልስ ካልተገኘ መተኮስ ነው።

ስለዚህ የቀረው የጓድ ሺበሺ ጠረጴዛ ነው። ዶክተር መንበረ እኔ ብጠይቀው እምቢ ይላል አሉ። ከዩራኒየሙ ዝንብ በኋላ አኩርፏቸዋል። ሚስተር ክላውስ የውጭ ሰው ናቸው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ሂጂ።»

«እኔ?»

«ሰፊው ሕዝብ አንቺ ነሽ። አንቺን እምቢ ማለት አይችልም።»

ሰፊው ሕዝብ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ኮሪደሩን አቋረጠ። በሩን ሳንኳኳ ራሴም አልሰማሁትም። ገባሁና ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። እንደ ልማዴ ወለሉን ልመለከት ስል ዓይኔ መስታወቱ ላይ አረፈ። ከሥሩ የቀን መቁጠሪያ አለ፣ የእንኳን አደረሰህ ካርድ አለ፣ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ሰልፍ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። ከሕዝቡ መካከል ሽምብራ የምታህል አንዲት ጭንቅላት በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች። ጓድ ሺበሺ ናት።

ምን ፈለግሽ አለኝ። መስታወቱን አልኩት። ለምን ዓላማ አለ። ለበሬ አልኩ። ዝም አለ፤ ያ ብቻውን ታሪክ ነው። ያኔ ጀመርኩና የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ቆዳው፣ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ጡቡና ስለ ክቡ፣ ስለ ጋሼ ቱፋ። እንዲያ ብዙ ተናግሬ አላውቅም። ሲያልቅብኝ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

መስታወቱን በእጁ ዳበሰው። እጁን ሳየው አሳዘነኝ። ከዚያ ፊቱ በራ። ይህ ለአርሶ አደሩ የሚደረግ አብዮታዊ አስተዋጽኦ ነው፣ በሠራተኛው ፊት መሆን አለበት አለ። ከሰዓት በኋላ ክበብ ጠራ።

ሠራተኛው ተሰበሰበ። መስታወቱ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ ቱፋ ከበሩ ተጠርተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጓድ ሺበሺ ስለ ላብ አደሩና ስለ አርሶ አደሩ አንድነት ተናገረ። እኛ ደቂቃ እየቆጠርን ነው። በመጨረሻ መስታወቱን ራሴ እሰብረዋለሁ አለና ከኪሱ መዶሻ አወጣ። ማጭድ ስላላገኘ ነው።

ሚስተር ክላውስ መቁረጫና ፒንሳ ይዘው ተነሱ። «ጓድ፣ እባክዎ፣ ቀስ...» ሲሉ መዶሻው ወረደ።

ጭብጨባ ሆነ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ወለሉ ላይ በጉልበቴ ሄጄ ስብርባሪ እለቅም ነበር። አብዛኛው እንደ በረዶ ደቅቋል፣ የቀረው እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። አንዲት ብቻ ከጠረጴዛው ጫፍ በኩል ያልተሰነጠቀች ቁራጭ ተገኘች፤ መዳፍ ታክላለች። ሚስተር ክላውስ ወደ ቤተ ሙከራው ወስደው ጫሯት፤ ፒንሳውን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው ትንፋሻቸውን ያዙ። አራት ማዕዘን ሆነች። እንደገና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን። ሁለት ቢላ ወጣ። አንዱን በአጉሊ መነጽር ሳየው ስለቱ እንደ መጋዝ ነው። ሌላው በግራ በኩል ግማሹ ንጹሕ ነው። ከዚያ ግማሽ በቀር ሌላ አልነበረንም።

ጓድ ሺበሺ ተከትሎን ገብቷል። ቢላውን ሲያይ ደስ አለው። የዛሬው ይበቃል፣ ቆረጣው ነገ ይሁን፣ የጋዜጣ ሰው አመጣለሁ አለ። ዶክተር መንበረ አፋቸውን ሲከፍቱ ይህ የክበቡ ውሳኔ ነው አላቸው።

የመስታወት ስለት አያድርም። ባትነኩትም በማግሥቱ ስለቱ ይሄዳል። ሚስተር ክላውስ ምክንያቱን አስረድተውኝ ግማሹ አልገባኝም፤ እንደ ወተት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ነገ የሚባለው ቢላ ቢላ አይደለም፤ ነገ የሚባለው በሬም በሬ አይደለም። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ዝም ብለዋል። አንዱ የውጭ ሰው ናቸው። አንዷ ቀደም ሲል በሌላ ነገር ሦስት ቀን ታስረው የወጡ ናቸው።

«ጓድ፣ ነገ አይቆርጥም» አልኩ።

«ለምን? መስታወት ይበላሻል እንዴ? ሥጋ ነው?»

«ይበላሻል፣ ጓድ።»

በሩ ላይ የቆሙት ጋሼ ቱፋ ሳል አሉ። «ማሎ ጓድ፣ እባክዎ፣ ነገ በሬዬ ከተቀበረ በኋላ ፎቶ ብታነሱለት ለተዝካሩ ነው?»

ጓድ ሺበሺ ጋሼ ቱፋን አየ፣ እኔን አየ፣ ቢላውን አየ። ቁረጪ አለ። ግን ለማየት እዚያው ቀረ።

ቢላውን አሰርኩ፣ ገንዳዋን በውኃ ሞላሁ፣ ክንዱን ለቀቅኩ። የመጀመሪያዋ ቁራጭ ወርቅማ ወጣች። ሁለተኛዋ ብርማ። ያኔ ጓድ ሺበሺ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «የቱ ነው? ይሄ ነው?» አለ። ትንፋሹ ገንዳው ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ቁራጮች ተገልብጠው ከቢላው ጀርባ ተጣበቁ። ጠፉ።

እጄን አነሳሁ። ስለቱ የሚቆየው ለጥቂት ቁራጭ ብቻ ነው።

«ጓድ፣ ይውጡ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ሁላችሁም ውጡ።»

ካድሬን ውጣ ያለ ሰው በዚያ ዘመን ራሱ ነበር የሚወጣው፤ ወዴት እንደሚወጣም ይታወቃል። ዶክተር መንበረ ኮርኒሱን አዩ። ሚስተር ክላውስ ጫማቸውን አዩ። ጓድ ሺበሺ አንገቱ ቀላ። ጋሼ ቱፋ ቀስ ብለው ገቡና እጁን ያዙት።

«ኑ ጓድ፣ እኛ ውጪ እንወያይ።»

ይዘውት ወጡ፤ ዶክተርና ሚስተር ክላውስም ተከተሏቸው። በመስኮቱ በኩል ይሰማኛል። ጋሼ ቱፋ ስለ በሬዎቻቸው ጀመሩ፤ ከየት እንደገዟቸው፣ የአንዱ እናት ማን እንደነበረች፣ ሌላው በጥጃነቱ ከጅብ እንዴት እንዳመለጠ። ጓድ ሺበሺ ጣልቃ ሊገባ ሲሞክር «ይጠብቁ፣ ገና አልደረስኩም» ይሉታል። የውይይት ክበብ ከተቋቋመ ጀምሮ እሱ ያዳመጠበት ቀን ያ ነው።

ብርማ ወጣ። ደግሞ ብርማ። ሦስተኛውም ብርማ። አራተኛው ላይ ስለቱ ደከመ፣ መስመር ጣለ። ተውኩት። በሽፋሽፍቱ ገፋሁና ሦስቱን በሦስት ወንፊት አነሳሁ። ስቀልማቸው አልተነፈስኩም። ስጨርስ ዶክተርንና ሚስተር ክላውስን ጠራኋቸው። ሚስተር ክላውስ ከእጄ ሲቀበሉኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እስከ ማይክሮስኮፑ ድረስ የእኔን እጅ ነው ይዘው የወሰዱት።

ጨለመ። ዶክተር መንበረ ከሚስተር ክላውስ ጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ቆምኩ። ግራጫ ነገር ይሄዳል፣ ይመጣል። አውሮፕላን ተነሳ። ተንቀጠቀጠ። ጠበቅን። ሲረጋ ሚስተር ክላውስ አንድ ቦታ ላይ አቆሙ።

«ክብ» አሉ።

ዶክተር መንበረ አላመኑም። ሁለተኛውን ወንፊት አስገቡ፣ ሦስተኛውን አስገቡ። ጡብ ፍለጋ ዳር እስከ ዳር ሄዱ። ጡብ አልነበረም። ከዚያ ሲጋራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሳይለኩሱ፣ የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ። ወረዳው ድረስ ራሳቸው ነድተው ሄዱ።

ጋሼ ቱፋ ወደ አባዶ ከመመለሳቸው በፊት ካላየሁ አሉ። አስገባናቸው። አረንጓዴው ገበታ ላይ ጎንበስ ብለው ቀለበት ያላትን ትንሽ ክብ አዩ። እሷን ነው የፈራነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ እሷ ደህናዋ ናት፣ የተፈራው ጡቡ ነው አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ይህችን በጥፍሬ መሐል ባገኛት ለፍርድም አላቀርባት አሉ።

እብጠቱ ደርቆ ረገፈ። በሬዎቹ ዘግይተውም ቢሆን ያን ክረምት አረሱ። የመንደሩ ሌሎች ከብቶችም ዳኑ።

ጓድ ሺበሺ ውጡ ስላልኩት አላሳሰረኝም። በሚቀጥለው ክበብ መስታወቱ አርሶ አደሩን እንዴት እንዳዳነ ሲናገር እኔን ረሳኝ፤ ደስ አለኝ። ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ብዙ ቆየ። ጉዳይ ይዞ የሚገባ ሰው ተሻረ እንዴ እያለ ያንሾካሹክ ነበር። የቆረጣ ክፍሉን በር ሳያንኳኳ ግን ከዚያ በኋላ ገብቶ አያውቅም። ዶክተር መንበረ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ረዳት ቴክኒሻን አይሾምም ካለችው የአስተዳደር ሠራተኛ ጋር ሁለት ክረምት ተጣልተው መደቡን አሰጡኝ።

አዲሶቹ ልጆች ሚስጥሩ ምንድን ነው ብለው ላኩብኝ። ሚስጥር የለውም። ጥሩ ስለት ስታገኙ የዚያኑ ዕለት ቁረጡ። ስትቆርጡ ክፍሉ ውስጥ የሚያወራ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን፣ አስወጡት።